የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺው በጣና ዳርቻ

የአገራችን የጥንት ጸሐፍት የነገሥታቱን ውሎ በዜና መዋዕል፣ የቅዱሳኑን ተጋድሎ በገድል፣ የርስቱንና የጉልቱን ውል በወንጌል ኅዳግ ላይ ጽፈው አቆይተውልናል። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ታንኳ ቀዛፊውና ጠላ ጠማቂዋ ግን እንዲህ ያለ ጸሐፊ አላገኙም። ስማቸው በዘር ቆጠራ ይነሣ እንደ ሆነ እንጂ መልካቸው ምን ይመስል እንደ ነበረ የልጅ ልጃቸው እንኳ ሊመሰክር አይችልም ነበር። ይህን የረጅም ዘመን ነገር የለወጠው የታሪክ ሊቅ አይደለም፤ ካሜራውን በትከሻው አንግቶ ከዳስ ወደ ዳስ የሚዞረው የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። እኛም ባሕር ዳርንና የጣናን ዳርቻ መነሻ አድርገን፣ ሙያው ወደዚያ እንዴት እንደ ደረሰ፣ ባለሙያውም እንዴት ሠርቶ እንደሚያድር፣ ሥራውም ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደናል።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት ብንል አይጎዳም። እንግሊዞችም ፈረንሳዮችም ፎቶግራፍን «ወሰድን» ይላሉ፤ የእኛ ሰው ግን «አነሣን» ይላል። ማንሣት በቋንቋችን የወደቀውን ከመሬት ማቃናት ነው፤ የሞተውን ሰው በስሙ ጠርቶ ማስታወስም ማንሣት ነው። እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺ የሚለው ስም ከሌሎቹ ቋንቋዎች ስም ይልቅ ሙያውን አጥብቆ ይገልጻል ብለን እናምናለን።

ካሜራ ከመምጣቱ በፊት በጣና ዳርቻ የሰው መልክ የሚነሣበት ስፍራ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነበር። በደቅ ደሴት በምትገኘው በናርጋ ሥላሴ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱን በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ከእግሯ ሥር ተደፍተው ተሥለው እስከ ዛሬ ይታያሉ። ይህን ክብር ለማግኘት ደብር መትከል ወይም ለሠዓሊው ዋጋ መክፈል ያስፈልግ ነበር። የዘጌ ቡና ለቃሚ ሴት ልጁን ሲድር የሚሥልለት ሰው አልነበረም። በግድግዳ ላይ ሠርግ ተሥሎ ብናይ የቃና ዘገሊላው ሠርግ ነው እንጂ የጎረቤት ሠርግ አይደለም።

ፎቶግራፍ በፓሪስ ለዓለም የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ከ20 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1859 ሄንሪ ስተርን የተባለ ሚሲዮናዊ ካሜራ ይዞ ወደ አገራችን ገባ፤ በኢትዮጵያ ምድር ፎቶግራፍ አነሡ ከሚባሉትም ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ነው። የመጣውም በጎንደርና በደምቢያ ለሚኖሩት ቤተ እስራኤሎች ሊሰብክ ስለ ነበረ፣ ካሜራ ገና ከመጀመሪያው ወደ ጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ቀርቦ ነበር ማለት ነው። ስተርን ወደ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ የዐፄ ቴዎድሮስ እናት ኮሶ እስከ መሸጥ መድረሳቸውን ጽፎ ስለ ነበረ፣ ዳግመኛ ሲመጣ ይኸው ነገር ተነሥቶበት ለብዙ ዓመታት ታሰረ። ንጉሠ ነገሥቱን ያስቈጣቸው ሥዕሉ ሳይሆን ጽሑፉ መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦርም የፎቶግራፍ ዕቃ የያዙ መሐንዲሶች አስከትሎ ነበር፤ ዋና ሥራቸውም ካርታና ንድፍ እየገለበጡ ማባዛት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ዕውቅ ፎቶግራፍ አንሺ፣ በአገራችን ባሻ ፈለቀ ይባል ከነበረው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር አነሣችው። የዚያን ልጅ ዓይን አይቶ ልቡ የማይነካ ሰው ያለ አይመስለንም። ፈቃዱን የጠየቀው ማንም አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ወደ ጣና የደረሱት ካሜራዎች በመንገደኛ ጓዝ ውስጥ የመጡ ናቸው። በ1897 ዓ.ም. የጀርመን መንግሥት የላከው የሮዘን መልእክት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጣና በኩል ወደ ጎንደር አለፈ፤ ስለ ጉዞውም የተጻፈው መጽሐፍ ብዙ ፎቶግራፎች አሉበት። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ደግሞ ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. በነበረበት ጊዜ የሐይቁን ደሴቶች እየዞረ መረመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ባሳተመው መጽሐፍም ፎቶግራፎቹን አወጣ። እነዚህ ሥራዎች ለታሪክ ተማሪ የማይናቅ ጥቅም አላቸው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በሥዕሎቹ ግርጌ የምናነበው «የአገሩ ሰው»፣ «ቀዛፊ»፣ «መነኩሴ» የሚል ነው። የተነሣው ሰው ሥዕሉን አላየውም፤ ለልጁም አላወረሰውም።

በአዲስ አበባ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። ከዚያም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም የአባታቸውን ሙያ ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሠርተዋል። የለውጡ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ በመንገደኛው ካሜራ ፊት ተነሺው የሌላ ሰው ጉዳይ ነበር፤ በፎቶ ቤት ግን ገንዘቡን ከፍሎ፣ ልብሱን መርጦ፣ የፈለገውን ሰው አጠገቡ አቁሞ አዛዥ ሆነ። ይህ ልማድ ከመኳንንቱ ወደ ነጋዴው፣ ከነጋዴውም ወደ ደመወዝተኛው ወረደ። ካሜራውን የያዘውም እጅ ቀስ በቀስ የኢትዮጵያዊ እጅ ሆነ።

ባሕር ዳር ለዚህ ሙያ የተመቸችው በ1950ዎቹ ነው። ከጠላት ወረራ በፊት በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበች መንደር ነበረች። ጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ገብተው የአስተዳደርና የወታደር ሰፈር አደረጓት፤ በ1933 ዓ.ም. ወጡ። ከዚያ በኋላ በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ፋብሪካው በወር በወር ገንዘብ የሚቈጥር ሠራተኛ አመጣ፤ ትምህርት ቤቱ ከቤተ ሰቡ ርቆ የሚኖር ወጣት አመጣ፤ ማመንጫው ደግሞ ፎቶግራፍ ማሳደጊያውን መሣሪያ የሚያበራ መብራት አመጣ። ሦስቱ ሲገጥሙ ፎቶ ቤት ይኖራል። ከተማዪቱም በዚያው አላቆመችም፤ በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 96,140፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 155,428 ነዋሪ ተቈጥሮባታል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ መቼ መጡ፣ ማንን አገቡ፣ ምን ለብሰው ነበር ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ መዝገብ ቤት ከሚሰጠው መልስ ይልቅ የሠርግ አልበም የሚሰጠው መልስ ይበልጣል።

ነገር ግን ሠርግና ካሜራ በቀላሉ አልታረቁም። በጎጃምና በቤጌምድር ባላገር ደንብ ሙሽሪት ፊቷ ተሸፍኖ፣ በበቅሎ ተጭና፣ በሚዜ ተደግፋ ትሄድ ነበር እንጂ ለሕዝብ አትታይም። ከአባቷ ቤት ስትለይ ማልቀስና ዓይኗን ከመሬት አለማንሣት ጨዋነት ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው ግን «ሙሽራዪቱ ቀና በይ፤ ወደዚህ ተመልከቺ» ይላል። አንድ እንግዳ ወንድ ሙሽራን ፊትሽን ግለጪ የሚልበት ጊዜ መጣ! ሽማግሌዎቹ ይህን ዝም ብለው የተቀበሉ አይምሰለን። ባለሙያው የሚታረቃቸው በትዕግሥት ነው፤ መጀመሪያ የሙሽራውን አባት በበርኖሳቸው ብቻቸውን አቁሞ ያነሣል፣ ከዚያ እናቲቱን ይጨምራል፣ ከዚያ ሙሽሮቹን ያስገባል። ክብር አስቀድሞ ከተከፈለ ኋላ የሚከለክል የለም።

ስለዚህ ነው በጥቁርና ነጭ ዘመን በተነሡት የሠርግ ሥዕሎች ሙሽሪት ወደ ታች ስታይ የምናገኛት። ከጊዜ በኋላ ዓይኗ ወደ ጎን ይመለሳል፤ ቀጥሎም ወደ ካሜራው ይዞራል፤ በቅርቡ ዘመን ደግሞ ስትስቅ እናያታለን። አንድም የሕግ ሊቅ፣ አንድም የማኅበራዊ ኑሮ መርማሪ ይህን ለውጥ እንዲህ ደረጃ በደረጃ አልመዘገበውም። ሌላም መራራ ነገር አለ። ሙሽሪት ከወንበር ተቀምጣ እግሯ ወለሉን የማይነካበት ፎቶግራፍ ይገኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት ብሎ ወስኖ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ፣ በ1995 ዓ.ም. የዐማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አድርገውታል። ሽማግሌ ስለ ዕድሜ ቢከራከር ፎቶግራፉ አይከራከርም።

አሁን ወደ ባለሙያው ኑሮ እንግባ። የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ የዓመቱን ኑሮ የሚመራው በባሕረ ሐሳብ ነው ብንል ማጋነን አይደለም። ለክርስቲያኑ ሕዝብ ሠርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ሁዳዴ ሲገባ ያቆማል። ሁዳዴ ደግሞ ከየካቲት 1 ቀን ቀድሞ አይገባም፤ ከመጋቢት 5 ቀንም አያልፍም። ስለዚህ ጾሙ ቶሎ በገባበት ዓመት የሠርጉ ወራት ሃያ ቀን ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ዘግይቶ በገባበት ዓመት ከሃምሳ ቀን ይበልጣል። ያው ባለሙያ፣ ያው ካሜራ፣ ያው ከተማ ሳለ ገቢው በዐዋጅ ሳይሆን በመጥቅዕና በአበቅቴ ይሰፋል፣ ይጠብባል። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት እንደገና ይከፈቱለታል፤ ክረምት ሲገባ መንገዱም ዳሱም ይጨቀያል። የሙስሊሙ ሕዝብ ኒካሕ በሌላ አቈጣጠር ስለሚሄድ፣ በሐይቁ ዳር ከሁለቱም ወገን ደንበኛ ያለው ፎቶ ቤት ከሌላው ይልቅ ጾሙን በደኅና ያልፋል።

በተቀረው ወራት የሚያኖረው ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ለትምህርት ቤት መግቢያ፣ ለሥራ ማመልከቻ፣ ለመታወቂያ ወረቀት ጉርድ የማያስፈልገው ሰው የለም። የዕለት እንጀራው ከጉርድ፣ የዓመት ልብሱ ከሠርግ ይገኛል ማለት ነው። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ቀበሌዎች ተቋቁመው የቀበሌ መታወቂያ በየሰዉ ኪስ ሲገባ፣ የጉርዱ ሥራ የበለጠ ተስፋፋ።

ሠርጉ ሲደርስ ቀብድ ይቀበላል። ቀብዱ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ወደ ፊልም ይለወጣል፤ የሠርጉ ዕለት ፊልም ቢያልቅበት «ነገ ልድገመው» የሚባል ነገር የለምና። ትልቁ ጥቅል ፊልም በአራት ማዕዘኑ ካሜራ 12 ምስል ብቻ ይይዛል፤ ትንሹ 36 ይይዛል። ሦስት ጥቅል ትልቁን ፊልም የያዘ ሰው ቀኑን ሁሉ በ36 ምስል ማዳረስ ነበረበት። የዛሬ ባለሙያ ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ ብቻ ይህን ያህል ያነሣል። የቀድሞው ባለሙያ ግን እያንዳንዱን ምስል ከማንሣቱ በፊት ማን ቢቀር እንደሚቀየም ማወቅ ነበረበት። የክርስትና አባት ቀርተው የአክስት ባል ቢገቡ፣ ቂሙ ከሙሽሮቹ ጋብቻ ዕድሜ ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ከዋዜማው ከሙሽራው ታላቅ ወንድም ጋር ተቀምጦ ዘመዱን በየማዕረጉ ያጠናል። ይህ ከዘር ቆጣሪነት በምን ያንሳል?

በሠርጉ ዕለት ገና ሳይነጋ ይነሣል። በቁርባን የሚጋቡ እንደ ሆነ ቅዳሴው ሳያልቅ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር መገኘት አለበት፤ ወደ መቅደስ ግን አይጠጋም፤ ሙሽሮቹ በካባና በአክሊል ሆነው ሲወጡ ይቀበላቸዋል። በሰማኒያ ለሚጋቡት ሽማግሌዎቹ ሲፈራረሙ ያነሣል። ከዚያ በሆታ መካከል ወደ ሙሽሪት ቤት፣ ከሙሽሪት ቤት ወደ ሐይቁ ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ወደ ዳሱ ይሄዳል። እድምተኛው ሲበላ እርሱ ይሠራል፤ እርሱ ሊጐርስ ሲቀመጥ ሙሽሮቹ ይነሣሉ። «እማማ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ይበሉልኝ፤ አባባ፣ ከዘራዎን ዝቅ ያድርጉልኝ» ሲል ውሎ ድምፁ ሰልሎ ያመሻል። መልሱና ቅልቅሉ ገና ከፊቱ ናቸው።

የጣና ዳርቻ ለዓይን የሚያምረውን ያህል ለካሜራ አይመችም። ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተ ደቡብ ስለምትገኝ ሐይቁን ከሙሽሮቹ ኋላ ለማድረግ የፈለገ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን ማዞር አለበት። በጥር ወር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ በጀርባው ትሆናለች፤ ሙሽሮቹ ብርሃኑ ፊት ለፊት መትቷቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ የባለሙያው ጥላ ረዝሞ ከሙሽሪት ቀሚስ ጫፍ ይደርሳል። በብዙ የቆዩ ሥዕሎች ግርጌ የሚታየው የራስና የትከሻ ጥላ ይህ ነው። በግንቦት ደግሞ የቀትር ፀሐይ ከአናት አልፋ ጥቂት ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል ዓይን ሁሉ በጥላ ይጠቁራል። ከዚህ በላይ ነጭ ሸማና ነጭ ቬሎ አለ። ብርሃኑን ለልብሱ ቢለካ ፊት ይጨልማል፤ ለፊት ቢለካ የጥበቡ ጥለት ይጠፋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ነጠላውም ማዕበሉም አይያዙም። ይህን ሁሉ ያለ ትምህርት ቤት፣ በጌታው ሥር ሆኖ ዕቃ እየተሸከመ የተማረ ባለሙያ ነው የምናደንቀው።

ማታ ሥራው አላለቀም። ፊልም ሲታጠብ ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ መሆን አለበት፤ ወረቀቱ ሲታተም ግን ቀይ መብራት ይፈቀዳል። ምስሉን የሚያወጣው መድኃኒት የሚስማማው 20 ዲግሪ ያህል ሙቀት ነው፤ የባሕር ዳር ቀን ከዚህ ይሞቃል። ስለዚህ ፊልሙን በሌሊት ማጠብ፣ የመድኃኒቱን ዕቃ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ የሙያው ብልሃት ነበር። ሥዕሉ ከታጠበ በኋላ የሚያጸናው መድኃኒት በደንብ ካልለቀቀ ከዓመታት በኋላ ይበልዛል፤ የውኃ ነገር ስለዚህ ቀላል አይደለም። ኔጌቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ የፊት ጠባሳ ይደፈናል፤ ደንበኛው ከወደደም ጥቁርና ነጩ ሥዕል በእጅ ቀለም ይቀባል፤ የሙሽሪት ከንፈር ይቀላል። ይህ በእጅ የመቀባት ሥራ የናርጋ ሠዓሊዎች ታናሽ ወንድም ነው ብንል የሚቈጣን አይኖርም ብለን እንገምታለን።

አንዳንድ ጊዜ የሠርግ ሥዕል ባልታሰበ መንገድ ወደ ፎቶ ቤቱ ይመለሳል። በአገራችን ለቅሶ የሟቹን ፎቶግራፍ ይዞ ማልቀስ የተለመደ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ከጉርዱ ሌላ በደንብ ለብሶ የተነሣው በሠርጉ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ከዘመቻ ያልተመለሰ ልጅ እናት አልበሙን ይዘው ይመጡና «ይህን ብቻውን አሳድግልኝ» ይላሉ። ባለሙያው የገዛ እጁ ሥራ የሆነውን ሥዕል ተቀብሎ፣ ሙሽሪትን ከአጠገቡ አውጥቶ፣ የሚዜውን ትከሻ ደፍኖ፣ ሙሽራውን ለብቻው ያወጣዋል። በሠርጉ ዕለት የከፈሉትን ያህል አያስከፍላቸውም። የ1970ዎቹ ጦርነት በነበረበት ዘመን ይህን የመሰለ ሥራ በብዙ ከተሞች ፎቶ ቤቶች ተሠርቷል። ፎቶግራፍ ማንሣት የሚለው ቃል ያን ጊዜ ሙሉ ትርጕሙን ያገኛል።

የከለር ፎቶግራፍ መምጣት ለሕዝቡ ደስታ፣ ለባለሙያው ግን አዲስ ችግር ነበር። ፊልሙን የሚያጥበው ትልቅ መሣሪያ ስለ ሆነ የጨለማ ክፍሉ ጥበብ ከእጁ ወጣ። ከዚህም ሌላ የኮዳክ ኩባንያ የቀለሙን ልክ የሚያስተካክለው በነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበርና፣ ለብዙ ዓመታት የጠቆረ ፊት በከለር ወረቀት ላይ ትክክለኛ ቀለሙን አያገኝም ነበር። የእኛ ሙሽሮች አንዳንዴ ከሰል፣ አንዳንዴ ሸክላ መስለው የወጡት በባለሙያው ስንፍና አልነበረም። ቪዲዮ ተከተለ፤ ቀጥሎ ፊልም የሌለው ካሜራ መጣ፤ አሁንም ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ካልተገኘለት የማይበረረው ድሮን ከዳሱ በላይ ያንዣብባል። ስለዚህ ሁሉ ብዙ መናገር አያሻም፤ አንባቢ በዓይኑ የሚያየው ነው። በመጋቢት መጨረሻ 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጥቶ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ግን፣ ከትንሣኤ በኋላ ያለው የሠርግ ወራት ሙሉ በሙሉ መቅረቱን ሳናነሣ አናልፍም። የቀበሉትን ቀብድ መመለስ የቸገራቸው ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም።

የሠርግ ሥዕል ዋጋው ከፊቱ ካሉት ሰዎች ብቻ አይደለም፤ ከኋላቸው ያለውም ታሪክ ነው። ሙሽሮች ሁልጊዜ ወደ ውኃው ዳር ስለሚሄዱ፣ በተከታታይ ዓመታት የተነሡትን ሥዕሎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የጣናን ዳርቻ ታሪክ ያነባል። ደንገሉ ጥቅጥቅ ብሎ የነበረበት ስፍራ ሣር ይሆናል፤ ሣሩ ድንጋይ ይነጠፍበታል፤ ድንጋዩ ላይ ሆቴል ይቆማል። የወይጦ ሕዝብ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የት ድረስ ይበቅል እንደ ነበረ ከሠርግ አልበም የተሻለ ምስክር ማግኘት ያዳግታል። በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን የወረረው እንቦጭም እንዲሁ ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ስለ ተመረቀ፣ ወደፊት ቀን ያልተጻፈበትን ሥዕል የሚመረምር ሰው ድልድዩን አይቶ ዘመኑን ይለያል። ለሴቶች ግን ከሐይቁ አንዳንዱ ስፍራ በሥዕል አይገኝም፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውምና ሙሽሪት ከሩቅ ሆና ደሴቱን ከጀርባዋ ከማድረግ በቀር ሌላ መንገድ የላትም።

እንዲህ ያለው መዝገብ ዛሬ በየፎቶ ቤቱ ጓዳ በካርቶን ተከምሮ ይገኛል። ባለሙያው ሲያረጅ ልጁ ሌላ ሥራ ይይዛል፤ የቤቱ ኪራይ ሲጨምር ካርቶኑ ይወጣል፤ አሮጌ ፊልምም እርጥበት ካገኘው እንደ ኮምጣጤ መሽተት ይጀምርና ተኰማትሮ ይጠፋል። ከዚያ ወዲህ የመጣውም ሥዕል ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም፤ በተሰበረ ኮምፒውተርና በጠፋ ስልክ ውስጥ ስንት ሠርግ እንደ ተቀበረ የደረሰበት ያውቀዋል። ዕድሜው ሃምሳ ዓመት የሆነው ኔጌቲቭ ወደ ፀሐይ ቢያዙት አሁንም ፊት ያሳያል፤ የዐሥር ዓመቱ ዲስክ ግን አይከፈትም።

ሥዕሎቹን መሰብሰብ የሚፈልግ ሰው ሕጉንም ማወቅ አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቍጥር 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ መስቀልን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል፤ ስለዚህ የፎቶ ቤት መስኮት ላይ ሙሽሪትን ሰቅሎ ደንበኛ መጥሪያ ማድረግ እንደ ብዙዎቹ ልማድ ቀላል ነገር አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት ዐዋጅ ደግሞ የአንሺውን መብት ይጠብቃል። ሁለቱ መብቶች በአንድ ወረቀት ላይ ይገናኛሉ፤ ሰብሳቢው ሁለቱንም ማስፈቀድ አለበት። ይህ ከባድ አይደለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የታሪክ ተማሪዎች አሏት፤ ፎቶ ቤቶቹም በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሩቅ አገር ያለ መዝገብ ከሚመኝ የአንዱን ፎቶ ቤት ካርቶን ቢፈታ ብዙ ያተርፋል።

ሥራው በቅደም ተከተል ቢሄድ መልካም ነው። ኔጌቲቩን መገልበጥ ለነገ ሊቆይ ይችላል፤ ሰዎቹን በፊታቸው የሚለዩት አረጋውያን ግን ለነገ አይቆዩም። ስለዚህ በመጀመሪያ አልበሙን ይዞ ወደ እነርሱ መሄድ፣ በሥዕሉ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የቆሙትን ሰዎች ስም፣ የሠርጉን ዓመትና ስፍራ፣ ከተገኘም የፎቶ ቤቱን ማኅተም መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል። ብዙዎች በጀርባው «ለማስታወሻ» ብቻ ጽፈውበታልና። በጀርባው ላይ የሚጻፈው በእርሳስ ይሁን፤ ቀለም ወደ ፊተኛው ገጽ ዘልቆ ሥዕሉን ያበላሻል።